ከመርጨትዎ በፊት ቅጠሉን ይገልብጡ

የጓሮ ጎመን ክሽክሽ ሲይዘው ከሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ምን ልርጭበት?» የሚል ነው። አንዱ ጎረቤት «ማላታይን» ይላል፤ ሌላው «ሚጥሚጣና ሳሙና በጥብጡና ድፉበት» ይላል፤ ሦስተኛዋ አመድ በሰፌድ ይዛ ትመጣለች። ሦስቱም ጥያቄውን እንዳለ ተቀብለው ወደ መልስ ሮጡ። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ የፈጠነ ይመስለኛል። ቅጠሉ ላይ ያለው ማን ነው? ብቻውን ነው ወይስ የሚበላው ጠላት ተከትሎት መጥቷል? ይህ ሳይታወቅ የሚረጭ ነገር፣ ከሱቅ ቢገዛም ከማጀት ቢወጣም፣ ብዙውን ጊዜ የሚመታው ያልታሰበውን ነው። ለማወቅ ደግሞ ቅጠሉን መገልበጥ ይበቃል።

ከጎመኑ እንጀምር፤ በደጋና በወይና ደጋ ጓሮ የማይጠፋው እሱ ነውና። የጎመን ክሽክሽ ግራጫ ቀመስ አረንጓዴ ሆኖ ላዩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዱቄቱ ሰም ነው። ተራ ውኃ ቢያርከፈክፉበት ተንሸራቶ የሚወርደው በዚህ ሰም ምክንያት ነው። ክሽክሽ እንደ አባጨጓሬ ቅጠል አይቆረጥምም፤ ቀጭን ሹል አፉን ወደ ቅጠሉ ሥር ወግቶ ስኳር ያዘለውን ፈሳሽ ይመጣል። የተመጠጠው ቅጠል ይቆለመማል፣ ይጨማደዳል፣ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ሲጠቀለል ደግሞ ለክሽክሹ መጠለያ ይሆነዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚረጭ ነገር ሁሉ ከውጭ ይቀራል።

ይህን ተባይ አስቸጋሪ ያደረገው አወላለዱ ነው። ከባድ ብርድና የበረዶ ወቅት በሌለበት አገር ሴቷ ወንድ አያስፈልጋትም፤ እንቁላልም አትጥልም። ሕያው ልጅ ትወልዳለች፤ የምትወለደዋ ልጅም የራሷን ልጆች በሆዷ ይዛ ነው የምትመጣው። አየሩ ሞቅ ካለላት ከተወለደች ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እሷም መውለድ ትጀምራለች። ቅጠሉ ሲጨናነቅና ተክሉ ሲደክም ክንፍ ያላቸው ይወለዱና ወደ ቀጣዩ ተክል፣ አንዳንዴም ወደ ጎረቤት አጥር ይሻገራሉ። ዛሬ አንድ ቅጠል ጥግ ላይ የተጠጉት አምስት ስድስት ክሽክሾች ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅጠሉን ሁሉ ሊያለብሱት የሚችሉት ለዚህ ነው። የእጅ ሥራ የሚያዋጣበት ጊዜም እነዚያ አምስት ስድስቱ ሳሉ ነው።

አሁን የተገለበጠውን ቅጠል ጠጋ ብለው ይዩት። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ክብ ጥንዚዛ የማያውቅ የለም፤ ልጆች መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው የሚጫወቱባት ናት። ልጇን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እጯ እናቷን በፍጹም አትመስልም፤ ረዘም ያለች፣ ጥቁር ወይም ግራጫ፣ ጎኗ ላይ ብርቱካንማ ምልክት ያለባት፣ ስድስት እግሮቿ ተንጨፍርረው የሚታዩ፣ ለዐይን የማትመች ፍጥረት ናት። «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ተባይ ነው?» ተብላ በአውራ ጣት የምትጨፈለቀው እሷ ናት። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አድጋ ጥንዚዛ እስክትሆን ድረስ በመቶ የሚቆጠሩ ክሽክሾችን የምትበላው ይህችው አስቀያሚ ልጅ ናት።

ሌላም አለ። ወገቧ ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለባት፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ዝንብ በአበባ አካባቢ ያያሉ። ሰው ንብ ወይም ተርብ መስላው ይሸሻታል፤ ነገር ግን መናደፊያ የላትም። እንቁላሏን የምትጥለው ክሽክሽ በተሰበሰበበት ሥፍራ ነው። የሚፈለፈለው እግር የሌለው ትል ክሽክሹን አንድ በአንድ አንስቶ ልፋጩ እስኪቀር ይመጠዋል። ከሁሉ የሚያስገርሙኝ ግን ርዝመታቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥቁር ተርቦች ናቸው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሕያው ክሽክሽ ሆድ ውስጥ ነው። እጩ ከውስጥ እየበላ ሲያድግ ክሽክሹ ያብጣል፣ ይጠነክራል፣ ወርቅማ ቡናማ ይሆንና ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከቀናት በኋላ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ይታያል፤ አዲሷ ተርብ የወጣችበት ነው። ቅጠልዎ ላይ እንዲህ ያሉ ያበጡ ቡናማ ክሽክሾች በርከት ብለው ካዩ፣ ሥራው እየተሠራልዎ ስለሆነ እጅዎን ሰብስበው አንድ ሳምንት ይታገሡ።

መታገሥ የሚከብደው በበዪውና በተበዪው መካከል የጊዜ ክፍተት ስላለ ነው። ክሽክሹ ቀድሞ ይመጣል፤ ጥንዚዛዋም ዝንቧም ተርቧም የሚከተሉት ምግብ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። መሃል ላይ ያሉት ሳምንታት ናቸው ሰውን ወደ ሱቅ የሚሰዱት። ጠንካራ ፀረ ተባይ ሲረጭ ደግሞ ሁለቱም ወገን ይሞታል፤ በተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ የተደበቀው ክሽክሽ ግን ይተርፋል። የተረፈችው አንዲት ሴት ወንድ ሳትፈልግ በሳምንት ውስጥ መውለድ ትቀጥላለች። ጥንዚዛዋ ግን ወንድ መፈለግ፣ እንቁላል መጣል፣ እጯም ሳምንታት ፈጅታ ማደግ አለባት። ስለዚህ ከርጭቱ በኋላ የሚመለሰው ክሽክሽ ጠላት በሌለበት ሜዳ ላይ ነው የሚፈነጨው። ገበሬው «መድኃኒቱ ደከመ» ይልና መጠኑን ይጨምራል።

አንዳንዴ መድኃኒቱ በእርግጥም ይደክማል። ጥቅል ጎመንን የምትበሳሳ ትንሽ የእሳት ራት አለች፤ ትሏን ሲነኩት ይንፈራገጥና በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ይህች የእሳት ራት እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ዲዲቲ የማይገድላት ሆና ተገኘች። የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ያገኘው ፖል ሙለር የኖቤል ሽልማት የወሰደው በ1948 ነበር፤ አምስት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ማለት ነው። በኋላም ከአፈር ባክቴሪያ የሚዘጋጀውን፣ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚመሰገነውን ፀረ አባጨጓሬ ሃዋይ ውስጥ እንደዚያው ተላመደችው። ማንኛውም ገዳይ ነገር በየሳምንቱ በተደጋገመ ቁጥር የሚተርፉትን እየመረጠ ያራባል፤ ከፋብሪካ ይምጣ ከቅጠል ይጨመቅ ለተባዩ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በጣት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጎመኑ መሃል መዞር፣ አዲስ የሰፈሩትን ጥቂት ክሽክሾች በጣት መደምሰስ፣ ክፉኛ የተጠቀለለውን ቅጠል ቀጥፎ ለዶሮ መስጠት፣ የቀረውን በጠንካራ የውኃ ግፊት ከሥር ወደ ላይ ማጠብ። አፉን ወግቶ የሚመጥ ክሽክሽ በግፊት ሲነቀል አፉ ብዙውን ጊዜ ይሰበራል፤ ወደ ቅጠሉ መመለሱም ይከብደዋል። የክረምት ዝናብ በነጻ የሚሠራልን ይህንኑ ነው፤ ክሽክሽ በበጋ የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የዝናቡ መቅረት ነው። አሥር ወይም ሃያ እግር ጎመን ላለው ሰው ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ለሚያለማ ግን አይሆንም፣ እሱን አልክድም።

ባቄላ፣ ሎሚና ብርቱካን ላይ ሲሆን አንድ ሌላ ነገር ይታከልበታል። የእነዚህ ተክሎች ክሽክሽ የሚያወርደውን ጣፋጭ ፈሳሽ ጉንዳን ይወደዋል፤ እረኛ ላሙን እንደሚጠብቅ ክሽክሹን ይጠብቃል፣ ጥንዚዛዋንም ነክሶ ያባርራል። በዛፉ ግንድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለስ የጉንዳን መስመር ካዩ መጀመሪያ እሱን ይቁረጡ። ግንዱን በጨርቅ ወይም በወፍራም ወረቀት ጠቅልሎ ላዩን የሚያጣብቅ ነገር መቀባት፣ መሬት የነካውንና አጥር የተደገፈውን ቅርንጫፍ ማሳጠር ይበቃል። ጉንዳኑ ሲቀር የተፈጥሮ ጠላቶቹ ራሳቸው ይገባሉ።

ጣት ካልቻለ ሳሙና አለ። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ወይም ተፍቆ በሙቅ ውኃ የሟሟ ተራ ደረቅ ሳሙና በቂ ነው። ሳሙናው የክሽክሹን ሰም ይገፍፋል፣ ስስ ቆዳውንም ያበላሻል። ነገር ግን የሚገድለው እርጥብ እያለ የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ምንም ኃይል የለውም። ጥሩነቱም ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። ነገ የምትመጣዋን ጥንዚዛ አይጎዳም፤ ቅጠሉ ሥር ያልደረሰ ርጭት ግን ከንቱ ድካም ነው። የሚረጨው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ሲሆን፣ ከአራት አምስት ቀን በኋላ መድገም ያስፈልጋል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው እስከ ማግስቱ ይጠብቁ፤ ጠርዙ ካረረ ውኃ ይጨምሩበት። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት አይጠቀሙ፤ ውስጡ የሚገቡት ሌሎች ነገሮች ቅጠል ያቃጥላሉ።

ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ተወቅጦ ስለሚረጨው ነገር ብዙ ይባላል። ሽታው ለጥቂት ጊዜ ሊያርቅ ይችላል፤ የሰፈረን መንጋ ግን እምብዛም አይነቅልም። ሳሙና ተጨምሮበት ሲሠራ አብዛኛውን ሥራ የሠራው ሳሙናው ይመስለኛል፤ ምስጋናው ግን ለሚጥሚጣው ይሄዳል። ዐይን ውስጥ የገባ ለት ደግሞ ማን እንደተረጨ ግልጽ ነው።

«ከዕፅ የተሠራ ነውና አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አይተው ነው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት። ቀንድ አውጣውን የገደለው አረፋ ግን ዓሣንም ይገድላል። የብርብራ ፍሬም እንዲሁ ነው፤ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ የሚያሰክረው ኃይል ነፍሳትንም ይገድላል። ሁለቱም ለጓሮ ተሞክረው የሚያውቁ ናቸው፤ ጅረትና ኩሬ አጠገብ ግን ቦታ የላቸውም። ትምባሆ ዘፍዝፎ መርጨትን ደግሞ ጭራሽ አልመክርም። ኒኮቲን በቆዳ በኩል ወደ ሰው የሚገባ ብርቱ መርዝ ነው፤ ከዚያም በላይ የትምባሆ ቅጠል ቲማቲምንና ቃሪያን የሚያቀጭጭ ቫይረስ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል።

ለአባጨጓሬ ዓይነቱ ተባይ ከዕፅዋት ሁሉ የምመርጠው ኒም ነው። እንደ ድሬዳዋና አፋር ባለው ቆላ ለጥላ ተብሎ የተተከለው ኒም ፍሬውን መንገድ ላይ ሲያረግፍ የሚለቅመው ሰው ጥቂት ነው። ኃይሉ ያለው በዘሩ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ በጣም ደካማ ነው። የደረቀውን ዘር ከቅርፊቱ ለይቶ መውቀጥ፣ ለአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም ያህል ጨምሮ ማሳደር፣ ጠዋት በጨርቅ ማጥለል፣ ጥቂት ሳሙና ጠብ ማድረግና በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ መርጨት ነው። ፀሐይ ቶሎ ስለምታፈራርሰው እኩለ ቀን ላይ መርጨት ድካም ብቻ ያተርፋል። በማግስቱ ሄደው ሲያዩት ትሉ አልሞተም፤ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ኒም የመብላት ፍላጎቱን ይዘጋበታል፣ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግም ያግደዋል። ስለዚህ የሚታየው የትሉ ሬሳ ሳይሆን የአዳዲስ ቀዳዳዎች መቅረት ነው፤ ትንንሽ ትሎች ላይ ይበረታል፣ ትልልቆቹ ላይ ይደክማል።

ቆራጭ ትል የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ዓይነት ነው። ትናንት የተተከለ ችግኝ ጠዋት ከአንገቱ ተቆርጦ ወድቆ ይገኛል፣ ቅጠሉ ግን አልተበላም። ጥፋተኛው ሩቅ አይሄድም፤ ከተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢጭሩ ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኙታል። ሌሊት የሚሠራ ስለሆነ ቀን የሚረጭ ነገር አያገኘውም። መፍትሔው ሰው ሁሉ «ሃይላንድ» የሚለው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው። ታችና ላዩን ቆርጦ ቀለበት ማድረግ፣ ችግኙን መሃል አድርጎ ወደ አፈሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መትከል። ግንዱ እስኪጠነክር ያለው ጊዜ በዚህ ያልፋል። አመድም በችግኙ ዙሪያ ሲነሰነስ ያግዛል፤ ግን ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ፤ ውኃ ከነካው አፈር ይሆናል። በየዓመቱ ብዙ አመድ አንድ ቦታ ላይ መከመርም የአፈሩን ጠባይ ይለውጣል። ከመትከል በፊት መደቡን ቆፍሮ ለዶሮ ለጥቂት ቀናት መልቀቅ ደግሞ ከአመዱም ከፕላስቲኩም የሚበልጥ ሥራ ይሠራል፤ ችግኙ ከገባ በኋላ ግን ዶሮዋ ራሷ ተባይ ናት።

የእሳት ራት ችግኝ መደብ ላይ እንቁላል እንዳትጥል ስስ ሻሽ በቀስተ ቀርከሃ ላይ መዘርጋት ይረዳል። የወባ አጎበር ለዚህ አይሆንም፤ በመድኃኒት የተነከረ ነው፣ ቦታውም አልጋ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትርፉ የሚበዛው ተባዩ ሳይመጣ የሚደረገው ነው። የመጀመሪያው አበባ መተው ነው። ጥንዚዛዋ፣ ዝንቧና ተርቧ ክሽክሽ በሌለበት ወቅት የሚቆዩት በአበባ ዱቄትና ማር ነው። የተርቧ አፍ አጭር ስለሆነ ጥልቅ አበባ አይመቻትም፤ የድንብላልና የእንስላል ጥቃቅን ግልጥ አበቦች ግን ልኳ ናቸው። እኛ ድንብላሉ ሊያብብ ሲል እንነቅለዋለን። ከመደቡ ጥግ አራት አምስት እግር ቢተዉለት ዘሩንም ያገኙታል፣ ጠባቂዎቹንም ቀለብ ሰፈሩላቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ዩሪያን መቆጠብ ነው። ብዙ ናይትሮጅን የጠጣ ጎመን ለምለም፣ ጥቁር አረንጓዴና ለስላሳ ይሆናል፤ ክሽክሽም የሚወደው እንዲህ ያለውን ፈሳሽ ነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ ቀስ ብሎ ስለሚመግብ ተክሉ እንዲያ አይሰባም። ሦስተኛው መደብ ማፈራረቅ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ዘመድን ከዘመድ መለየት ያስፈልጋል። የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ሰናፍጭና ፌጦ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና በርበሬም እንደዚያው። ጎመንን በጥቅል ጎመን መተካት ለተባዩ ገበታ ማንሳት አይደለም። ጎመኑን በካሮት፣ በሽንኩርት ወይም በባቄላ መከተል ግን አፈር ውስጥ የቀረውን ያስርበዋል።

በቆሎ ላለው ሰው ከኬንያ የመጣ አንድ ዘዴ መጥቀስ ይገባል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ምቢታ ላይ በሚሠራው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ በዘያውር ካን የተመራ ቡድን የበቆሎ አገዳ ቆርቁርን ያለ ርጭት የሚከላከል አተካከል አዘጋጀ። በበቆሎው መሃል የሚዘራው ዴስሞዲየም የሚባል ተክል በጠረኑ የቆርቁሩን የእሳት ራት ይገፋታል፤ በማሳው ዳር የተተከለው የዝሆን ሣር ደግሞ ይስባታል፤ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፣ ትሎቹም ሣሩ በሚያወጣው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ብዙዎቹ ይጠፋሉ። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራንም ያፍናል፣ ሁለቱም ለከብት መኖ ይሆናሉ። ሌላው የበቆሎ ተባይ፣ መጤ ተምች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ሲገባ ግን ብዙው ገበሬ የያዘው መሣሪያ ጣቱ ነበር፤ ከቤተሰቡ ጋር ማሳ ለማሳ እየዞረ ትሉን ለቅሞ መግደል።

የማይሸነፍም አለ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ፣ በተለምዶ ቱታ የሚባለው፣ ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከልና በፍሬው ውስጥ ስለሚኖር ሳሙናም ጣትም በደንብ አያገኘውም። የተሰረሰረውን ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ መቅበር፣ ወንዱን በሴቷ ሽታ የሚስብ ወጥመድ መስቀል፣ ከቲማቲም በኋላ ቲማቲምም ድንችም አለመትከል ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። ገዝቶ መርጨት ግድ ከሆነ በዋናው ማሸጊያው ያለውን፣ ለዚያ ሰብል የተፈቀደውን ይግዙ፤ ከርጭት እስከ መልቀም ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብዎ ጽሑፉ ላይ ያንብቡ። በውኃ ፕላስቲክ ተቀንሶ የሚሸጥ መርዝ ወደ ቤት አይግባ፤ ልጅ የሚያውቀው ያ ጠርሙስ የውኃ መሆኑን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራ ከገቡ አይቀር፣ ቅጠሉ ተቀንጥሶ ያለቀውን፣ አበባ አውጥቶ አጥር ጥግ የቆመውን የአምናውን ጎመን ይመልከቱት። አዲሱ ችግኝ ላይ የሚሰፍረው ክሽክሽ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ አሮጌ አገዳ ላይ ነው። ለዘር የሚፈልጉትን አንድ ሁለት እግር አስቀርተው፣ አናቱ ላይ የተጠጋጋውን ክሽክሽ በውኃ አጥበው፣ የቀረውን ከነሥሩ ነቅለው ለከብት ይስጡት ወይም ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩት፤ ችግኙ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ።